የመሣሪያ ልክ

የሰውን ጠባይ ለይቶ ከሚያሳየው የቤት ዕቃ አንዱ የሥራ መሣሪያ ነው። ልብስና ወንበር ለእንግዳ ዐይን ሲባል ሊገዛ ይችላል፤ መሣሪያ ግን ከሥራው ጋር ካልተስማማ ባለቤቱን በየዕለቱ ያጋልጠዋል። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ፥ 15 ዓመት ያህል ያገለገለኝ የብየዳ መሣሪያ ጥቅልሉ ተቃጥሎ በሌላ መተካት ግድ ስለሆነብኝ ነው።

እኔ በሙያዬ መምህር ነኝ እንጂ በያጅ አይደለሁም። ነገር ግን አዲስ አበባ ባለው ቤቴ ጓሮ፥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፥ አንዲት ትንሽ የሥራ ቦታ አለችኝ። በወር አንድ ወይም ሁለት ቅዳሜ የበር ማጠፊያ እጠግናለሁ፤ የመስኮት ፍርግርግ እበይዳለሁ፤ ለጎረቤትም የወንበር እግር እቀጥላለሁ። የምሠራበት ብረት ውፍረቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

የቀድሞው መሣሪያ ባለ ከባድ ትራንስፎርመር ነበር። ከቦታ ቦታ ለማዛወር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እሳቱ በተጫረ ቁጥርም የግቢው መብራት ሁሉ ይደበዝዛል። ሆኖም አንድ ታላቅ በጎነት ነበረው፤ ይኸውም ሽቦ ማጠንጠን የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ ሊጠግነው መቻሉ ነው። አሁን በብዛት የሚሸጠው ኢንቨርተር የሚባለው ነው። እርሱም ከግድግዳ የሚመጣውን፥ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ አስቀድሞ ወደ ቀጥተኛ ይለውጥና፥ መልሶ በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እንዲመላለስ ያደርገዋል። ምልልሱ በፈጠነ መጠን ትንሽ ትራንስፎርመር የትልቁን ሥራ ለመሥራት ይችላል። መሣሪያው በአንድ እጅ የሚነሣው ስለዚህ ነው።

በእኔ ዘንድ ሆኖ የሚማረው የእኅቴ ልጅ፥ «ጋሼ፥ ከገዛን አይቀር ትልቁን እንግዛ» ይለኝ ነበር። መርካቶ በወረድን ጊዜም፥ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ 250 አምፔር የሚል ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ቢያይ ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። እኔም በቃል ከመከራከር ወረቀትና እርሳስ ማውጣቱን መረጥሁ።

በኤሌክትሮድ ለሚሠራ ብየዳ የእሳቱ ቮልት በመደበኛው ስሌት የሚገኘው አምፔሩን በ0.04 አባዝቶ 20 በመጨመር ነው። ለ250 አምፔር 30 ቮልት ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ 7,500 ዋት ይሰጣሉ። ይህም ለ220 ቮልት ሲካፈል፥ አንዳች ብክነት የለም ብንል እንኳ፥ ከ34 አምፔር ይበልጣል። የቤታችን ሶኬት ግን የሚችለው 16 አምፔር ብቻ ነው። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ቢሆን ለቤታችን አይሆንም፤ ሐሰት ቢሆን ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ለእኛ ሥራ የሚበቃው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሲሆን፥ እርሱም 80 አምፔር ያህል ይበቃዋል። በዚያው ስሌት ይህ ወደ 1,850 ዋት ነው፤ ብክነቱ ቢታከልበትም ሶኬቱ ይችለዋል። የእንጀራ ምጣዳችን ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ ግን፥ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ብየዳ እንዳይኖር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል።

ከአምፔሩ ቀጥሎ የተመለከትነው የዕረፍቱን ልክ ነው። በ160 አምፔር 30 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ፥ በዚያ ኀይል ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ ሠርቶ 7 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። በግማሹ ኀይል ሲሠራ ግን ሙቀቱ በእጅጉ ስለሚቀንስ ብዙ ዕረፍት አይሻም። አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። አምፔሩን ብቻ አጉልቶ ይህን የሚሸሽግ ሣጥን ግን ሊታመን አይገባውም።

ኢንቨርተርም የራሱ ድካም አለበት። የውስጥ ሰሌዳው ከተበላሸ ጠጋኙ ጥቂት ነው፤ ብረት ሲፈጭ የሚበንነው ትቢያም በማራገቢያው ገብቶ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ከመፍጫው አርቆ ማኖርና ትቢያውን በየጊዜው ማራገፍ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም የ160 አምፔሩን ገዛን። ከትልቁ ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ደግሞ ጥቁረቱ 11 ቁጥር የሆነ መስተዋት ያላቸው ሁለት የፊት መከላከያዎች ገዛን፤ አንዱ ለእኔ፥ ሁለተኛው ለልጁ። ከብየዳ እሳት የሚወጣው የማይታይ ብርሃን በያጁንና ቆሞ ተመልካቹን አይለይምና። ሕመሙም የሚሰማው ወዲያው ሳይሆን ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ ብዙ ጊዜም ሌሊት፥ ዐይን አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁር ነው። እኔ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ብረት የሚይዝልኝ ያ ልጅ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ቢቀርም፥ የተማረው ሰው የመጽሐፉን ስሌት ወደ ጓሮው ካላወረደው ለእጅ ሥራ የሚገባው ክብር ገና አልተሟላም። ዐሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፤ መሣሪያ የሚገዛ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሊለካ የሚገባው የገዛ ሥራውን ነው።