ከፍሪጁ ውስጥ የተገኘው

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗን ሐይቅ ከሚገኝ አንድ የግል ፋርማሲ እየገዛሁ አምባሰል፣ ውጫሌ እወስድላት ነበር። ባለቤቱ አብሮ አደጌ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥረኝ በዱቤ ይሰጠኛል፤ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው።

በ2012 ጥቅምት፣ ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። ፈቃዱንና የሐኪም ማዘዣዎቹን አዩ፤ እንከን አልተገኘም። ፍሪጁ ሲከፈት ግን ቴርሞሜትር የለም፤ የኢንሱሊኑ ብልቃጦች ከበረዶው ጋር ተጣብቀዋል። የሙቀት መመዝገቢያው ደግሞ ገና ላልመጡት ቀናት ጭምር ተሞልቷል!

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጠው። አንዴ በረዶ ከሠራ ኃይሉን ያጣል፤ ከቀለጠ በኋላ ከደህናው በዓይን ላይለይ ይችላል። (እኔ እንኳ በጣም ሲቀዘቅዝ ደስ ይለኝ ነበር!)

«እርስዎስ ያስተዋሉት ነገር አለ?» አለኝ አንደኛው። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የእናቴ ስኳር በዚያ ወር ሽቅብ መውጣቱ ትዝ አለኝ። አብሮ አደጌ ዓይኑን ሰበር አደረገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን መድረሳ የተማርነው አንድ ላይ ነበር።

የማውቀውን ተናገርኩ። ብልቃጦቹ ተቆጥረው ታሸጉ። የእናቴን መድኃኒት ደሴ ሄጄ ገዛሁ።

በሳምንቱ መስጂድ በር ላይ ተገናኘን። ሰላምታዬን መለሰልኝ። የዱቤውን ነገር ግን ሁለታችንም አላነሣንም።