ከደወሌ የመጣ መልስ

አንባቢ ሆይ! ከድሬዳዋ ተነሥተህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትጓዝ፥ አይሻን ካለፍህ በኋላ የአገርህ ምድር ወደሚያበቃበት ስፍራ ትደርሳለህ። ይህች ስፍራ ደወሌ ናት፤ ከኬላው ወዲያ ያለው ጅቡቲ ነው። ጥቁር ድንጋይ፥ ጥቂት ግራር፥ ተሰልፈው ተራቸውን የሚጠብቁ የጭነት መኪናዎች፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያቃጥል ፀሐይና የማያርፍ ነፋስ ይቀበሉሃል።

በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ምድር ባቡር ያለፈው በደወሌ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ከዚህ በር አልራቀም። እኔ ወደዚያ የሄድሁት አገር ለማየት ነው፤ ነገር ግን አንድ ዕዳ በሆዴ ይዤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። አባቱ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች መንገድ የሚመራ አንድ ተማሪዬ፥ «መምህር፥ ለአደን ከሁሉ የሚሻለው ጥይት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠበንጃ ተኩሼ የማላውቀው እኔም ሳላፍር፥ «ፈጣኑና ኃይለኛው ነዋ!» ብዬ መለስሁለት። ለመልሴም በሰሌዳ ላይ ስሌት አቀረብሁ።

ጥይት ከአፈሙዝ እንደ ወጣ መውደቅ ይጀምራል። አያቶቻችን ወደ ዐድዋ ይዘውት የዘመቱት ውጅግራ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፥ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠበንጃ ነው። አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። የአየሩን መከላከል ትተን ብናሰላ፥ 200 ሜትር እስኪደርስ 97 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል። የአሜሪካ ጦር በ1906 እ.ኤ.አ. የተቀበለው «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ግን በሰከንድ 850 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ የሚወድቀው 27 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስሌቱ ልክ ነበር። መልሱ ግን ስሕተት ነበር።

ይህን ያስተማሩኝ በደወሌ ሻይ የጋበዙኝ አንድ የኢሳ ሽማግሌ ናቸው። በአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ያነሣሁትን የዛገ ቀለህ አሳይቻቸው፥ «አዴር፥ ይህ የምን ጥይት ነው?» አልኋቸው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ታላቅ ሰው በአክብሮት ይጠራበታል። እርሳቸው ቀለሁን በጣታቸው ሲያገላብጡ ፈገግታቸው ጠፋ።

«መዓሊን» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «በወጣትነቴ ከዚህም ከዚያም የለመንኋቸውን ጥይቶች በአንድ ዝናር ቀላቅዬ ለአደን ወጣሁ። አንዱ አዲስ፥ አንዱ አሮጌ፥ አንዱ ፀሐይ ሲያነደው የከረመ ነበር። አንዲት ዐውል ከሩቅ አየሁና ተኮስሁ። ደረቷን አልሜ የኋላ እግሯን ሰበርሁት። ሁለት ቀን ፈለጓን ተከተልሁ። ሳገኛት ጅብ ቀድሞኛል፤ እርሷ ግን ገና ትተነፍስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠበንጃ አላነሣሁም።»

ዐውል የሚሏት በዚያ በረሃ የምትኖር የሜዳ ፍየል ናት። እኔ ምን እላለሁ? ዝም አልሁ። የእኔ ስሌት ስለ ፍጥነት እንጂ ስለዚያች እንስሳ አንዳች አልተናገረም ነበርና፥ ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን እንደገና አጠናሁት። ያገኘሁትንም እነሆ ለአንተ አካፍልሃለሁ።

መጀመሪያ ጥይት የሚመረጠው በእንስሳው ልክ ነው። እንሹ፥ ሶማሌዎች ሳጋሮ የሚሏት፥ ክብደቷ ከ4 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። በ«ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ብትመታ ሥጋዋ ይበጣጠሳል፤ ከቅርብ ለሚተኩስ ሰው ትንሹ ባለ 22 ይበቃታል። ለዐውል ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 243፥ ከእርሷ ለሚከብደው ለአምበራይሌ ደግሞ ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጥይት ይስማማል። በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው 375 እንደ ጎሽ ላለው ትልቅ አውሬ ነው።

ሁለተኛው የአረሩ ዓይነት ነው። የጦር ጥይት አረሩ እስከ ጫፉ በጠንካራ ብረት የተለበሰ ስለሆነ፥ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት በሥጋ አልፎ ይሄዳል፤ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል። የአደን ጥይት ግን ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ሲመታ ይከፈትና ቶሎ ይገድላል። በሰውነት ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ ጉባኤ ታግዷል። በጦር ሜዳ ጭካኔ የተባለው በአደን ምሕረት ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል።

ሦስተኛው የሽማግሌው ትምህርት ነው፤ ዒላማን የሚያስመታው ኃይል ሳይሆን መመሳሰል ነው። የባሩዱ ልክ፥ የአረሩ ክብደትና የቀለሁ ስፋት ከጥይት ወደ ጥይት ካልተለያየ፥ አረሮቹ በአንድ ቦታ ያርፋሉ። ስለዚህ አዋቂ አዳኝ ከአንድ ፋብሪካ፥ ከአንድ ጊዜ ሥራ የወጣ ሣጥን ይገዛል። በ100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቅሎ አምስት ጥይት ይተኩስና ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደ ተቀራረቡ ይለካል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ይሞክራል። አንዱ ጠበንጃ የሚወደውን ጥይት ሌላው አይወደውምና፥ ፍርዱን ለወረቀቱ ይተዋል።

አራተኛው አገሩ ነው። ባሩድ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በደጋ ብርድ የተስተካከለ ጠበንጃ በደወሌ ሐሩር ከዒላማው ከፍ አድርጎ ሊመታ ይችላል። ጥይቱ በጥላ ይቀመጥ፤ ማስተካከሉም እዚያው በሚታደንበት ስፍራ ይደረግ። ነፋሱንም አትርሳ! በአይሻ መብራት የሚያመነጭ ነፋስ አረርን ከመንገዱ ለመግፋት አያንስም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሕግ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 እና በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 አሉና፥ ለእንስሳውም ለመሣሪያውም ፈቃድ ሳይኖር ማደን ወንጀል ነው።

ወደ ክፍሌ ስመለስ በተማሪዎቼ ፊት፥ «ባለፈው የሰጠሁት መልስ ስሕተት ነበር» ብዬ የዐውሏን ነገር ነገርኋቸው። ያ ተማሪ እጁን አነሣና፥ «ታዲያ የሚሻለው ጥይት የትኛው ነው?» አለኝ።

«በወረቀት ላይ የፈተንኸው ነው» አልሁት። «እርግጠኛ ካልሆንህ ደግሞ፥ ሳትተኩሰው ወደ ዝናርህ የምትመልሰው።»