«ዶክተሩስ የት አለ?»

የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ከምታውቋቸው ቦታዎች አንዱ የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ነው። ከታመሙ እኅቶችና ወንድሞች ጋር እዚያ ብዙ ማለዳ ተቀምጫለሁ። ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄም አለ። ወጣቱ ጤና መኮንን በሩን ከፍቶ ስም ሲጠራ፣ ተጠሪው ወደ እኔ ጠጋ ይልና «ዶክተሩስ የት አለ?» ይለኛል።

እናንተም እንዲህ ብላችሁ ታውቁ ይሆን? እንግዲያው ዛሬ ስለዚህ ባለሙያ ጥቂት እንነጋገር።

ጤና መኮንን ማን ነው?

ሙያው የትናንት አይደለም። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በዚያ ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ጀመር። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ ለብዙ ወረዳ ሕዝብ ሐኪሙ ጤና መኮንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ አንዳንዶቹ በማስተርስ ደረጃ ተጨማሪ ሥልጠና እየወሰዱ፣ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና እስከ ማዋለድ ደርሰዋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ፊዚሺያን አሲስታንት» የሚሉት ባለሙያም የቅርብ ዘመዱ ነው። ይህን ሙያ ዶክተር ዩጂን ስቴድ እ.ኤ.አ. በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ በባሕር ኃይል የሕክምና ሥራ ልምድ በነበራቸው አራት ሰዎች ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች ይመረምራሉ፣ መድኃኒት ያዛሉ፣ ከሐኪሞችም ጋር በቡድን ይሠራሉ። እንግዲህ የእነርሱን በር ስታንኳኩ የተገባ በር አንኳኩታችኋል። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል መላክም የሥራቸው አካል ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው

ብዙዎቻችን ምርመራ ሲባል ደም መስጠት ይመስለናል። ጥያቄ ሲበዛብን «ላቦራቶሪ ላኩኝ እንጂ!» ብለን እንቆጣለን። ነገር ግን ባለሙያው ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምንወስድ፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም እንዳለ ሲጠይቅ የበሽታውን ዱካ እየተከተለ ነው። ከዚያ ያያል፣ ይዳስሳል፣ በማዳመጫው ያዳምጣል። ላቦራቶሪው የጠረጠረውን ለማረጋገጥ ይረዳዋል። መልሳችን ውሸት ከሆነ ግን ዱካው ይጠፋበታል።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ላካፍላችሁ። ወንድማችን በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ በመዝሙሩም የምናውቀው ሰው ነው። የደም ግፊት ተገኝቶበት መድኃኒት ተጀመረለት። አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር ለቀጠሮ ሲሄድ ግፊቱ 170/110 ሆኖ ተገኘ። 140/90 ራሱ ከፍተኛ እንደሚባል አስቡ! መድኃኒቱን እንደሚወስድ ሲጠየቅ «አዎን» አለ። ጤና መኮንኗ አልተቆጣችም። «መድኃኒት መርሳት የሁላችንም ነው። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?» አለችው።

ወንድማችን አቀርቅሮ ዝም አለ። ከዚያ እውነቱን ተናገረ። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ደረቅ ሳል መዝሙር ከልክሎት ነበር። በዚያው ሰሞን በጉባኤ ተጸለየለት። ራስ ምታት ስላልነበረው ተፈውሻለሁ ብሎ በምእመናን ፊት መሰከረ፤ ኪኒኑንም ተወው። ከመሰከረ በኋላ ተመልሶ መዋጥ አፈረ። ሚስቱ ይህን የሰማችው ገና እዚያ ወንበር ላይ ሆና ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቤት እየኖሩ!

ጤና መኮንኗ እምነቱን አላቃለለችም። «እግዚአብሔር ሲፈውስህ መለኪያችንም ይመሰክራል። እስከዚያ መድኃኒቱን አትተው። የደም ግፊት ሳያሳምም ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው» አለችው። ሳሉን ያመጣው ኢናላፕሪል የሚባለው መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል አስረድታ በአምሎዲፒን ቀየረችለት። ሳሉ ተወው፤ ግፊቱም በየቀጠሮው እየወረደ መጣ። ዛሬ ማታ ማታ ከቤተሰብ ጸሎት በኋላ ውኃውን የምታቀርብለት ሚስቱ ናት።

ወገኖቼ፣ ያ ወንድም የሚናገርበት ሰው አጥቶ በስትሮክ ቢወድቅ ኖሮ ምን እንል ነበር? አባወራውን ማጣታችን ሳያንስ «እምነቱ ጎድሎ ነው» የሚልም አይጠፋም ነበር። ጸሎትና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። ንጉሡ ሕዝቅያስ የፈውስን ተስፋ ከተቀበለ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል፤ ባለ መድኃኒቱን ሉቃስንም የተወደደ ብሎ ጠርቶታል።

ልንደብቃቸው የማይገቡ ነገሮች

ጾም፦ የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ ጾም ጸሎት ከመያዛችሁ በፊት ባለሙያውን አማክሩ። ሳይበሉ መድኃኒቱን መውሰድ ስኳሩን ከመጠን በላይ ያወርደዋል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ራስን እስከ መሳትም ያደርሳል። የጸሎት ቡድን መሪዎች ይህን ልብ በሉ! መንፈስ ነው ብለን የከበብነው ሰው ስኳር አንሶት ይሆናል። መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የወሊድ መከላከያ፦ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ኃይል ያዳክማል። ባልና ሚስት ይህን ሳያውቁ ያላሰቡት እርግዝና ሊመጣ ይችላል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ሳሉ ስለጠፋ ብቻ አታቋርጡት። እርጉዝ መሆናችሁን የምትጠረጥሩ እኅቶችም ማንኛውም መድኃኒት ሳይታዘዝላችሁ በፊት ተናገሩ። ለምሳሌ ቅድም ያነሣሁት ኢናላፕሪል ለጽንሱ አደገኛ ነው።

ከሱቅና ከጎረቤት የተገኘ መድኃኒት፦ ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

ቋንቋ፦ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ አሜሪካ የምትሄዱ ወላጆች፣ የልጅ ልጃችሁ አስተርጓሚ እንዲሆን አታድርጉ። ሕፃኑ ፊት ስለ ማኅፀን ወይም ስለ ሽንት ችግር ማን ደፍሮ ይናገራል? ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ያለ ይሉኝታ ጠይቁ።

ለባለትዳሮች አንድ አደራ

ለቀጠሮ አብራችሁ ሂዱ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል። ነገር ግን ባለሙያው ለብቻ ሊያነጋግራችሁ ሲፈልግ አትቀየሙ፤ ለብቻ ብቻ የሚነገር ነገር አለና። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሕመሜ ምንድን ነው? መድኃኒቱን እንዴትና እስከ መቼ ልውሰድ? ምን ካየሁ ከቀጠሮዬ በፊት ልመለስ?

መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ፣ ገንዘቡ ከከበዳችሁ ወይም ማቋረጥ ካማራችሁ፣ መጀመሪያ ለትዳር ጓደኛችሁ ከዚያም ላዘዘላችሁ ባለሙያ ንገሩ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ «የእኔ ውድ፣ ያልነገርከኝ ሕመም አለ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱንም ሳትቆጡ አድምጡ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ! ተባረኩ።