ለፎቶው ጊዜ እንስጠው

እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይም ሆነ ሰንሻይን፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት ወይም ለአርባ ቀን መታሰቢያ ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የፎቶ ቪዲዮ ይታያል። ቤተሰብ ማንም እንዳይቀርበት ብሎ ሦስት መቶ ፎቶ ይልካል። ዘፈኑ ግን አምስት ደቂቃ ነው። ስታካፍሉት ለአንዱ ፎቶ አንድ ሰከንድ ይደርሰዋል። በአንድ ሰከንድ አንዲት እናት የልጇን ፊት አይታ አትጠግብም።

ቢበዛ ስልሳ ፎቶ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አምስት ሰከንድ፣ ሰው ለበዛበት ደግሞ እስከ ስምንት ስጡት። «ያቺ ከጥግ ያለችው ማን ናት?» የሚባለው ያኔ ነው። የሚሽከረከረውንና የሚበታተነውን መሸጋገሪያ ሁሉ ተዉት፤ አንዱ ምስል ቀስ ብሎ በሌላው ውስጥ ይቅለጥ።

ይህች ከተማ ምስልን በድምፅ አጅቦ ለማሳየት ሙያ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1900 ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ሰዎች በሜልበርን ታውን ሆል «ሶልጀርስ ኦቭ ዘ ክሮስ» የተሰኘውን ትርኢት አሳዩ፤ ከ200 በላይ የመስታወት ስላይዶች፣ በመካከሉ አጫጭር ፊልሞች፣ ከሙዚቃና ከድርጅቱ አዛዥ ከኸርበርት ቡዝ ንግግር ጋር። የማይንቀሳቀሰውን ምስል ሕያው ያደረገው የሰው ድምፅ ነበር። እኛስ? አክስታችሁ ስለ አንድ ፎቶ በስልክ የምታወራውን ቅዱ፤ እሷ ስትናገር ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉት። ድምፅዋ ከማንኛውም ዘፈን ይበልጣል።

አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ኬን በርንስም እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሠራው ፊልም የቆዩ ፎቶዎችን በትረካና በዝግታ በሚጓዝ ካሜራ አናግሯቸዋል። አባታችሁ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ገብተው፣ ከተሳለው መጋረጃ ፊት፣ እጃቸውን ወንበር ላይ አሳርፈው የተነሱትን አስቡ። መጀመሪያ ሙሉ ቁመናቸው ይታይ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊታቸው ቅረቡ፤ እዚያም ትንሽ ቆዩ።

ስለ ቅደም ተከተሉ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብዙ የማቀናበሪያ መተግበሪያዎች የሚደረድሩት በፋይሉ ቀን ነው። ትናንት ስካን የተደረገው የወላጆች ጋብቻ ከልጅ ልጅ ልደት በኋላ ይመጣል። በእጃችሁ ደርድሩት። ጀርባው ላይ «ደሴ፣ 1968» ካለ «ዓ.ም.» ጨምሩበት፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች በፈረንጅ አቆጣጠር አንብበውት ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታሉ።

ፎቶውን ለሚያቀናብረው ሰው በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ሲጎላ ይደበዝዛል። ከመላካችሁ በፊት ግን እናታችሁ አጠገብ ተቀመጡና በእያንዳንዱ ፎቶ ያለውን ሰው ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። እባካችሁ፣ ይህን ለነገ አታቆዩት።