ማሽኑ አልተበላሸም ነበር

በቴሌቪዥን የሚታመም ሰው የታደለ ነው። ካርድ ለማውጣት አይሰለፍም፤ መኪና ገጭቶት በሁለተኛው ደቂቃ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። በክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ሌላ በሽተኛ የለም። የተጎዳው እግሩም ቢሆን ፋሻው የሚጠመጠመው ግንባሩ ላይ ነው፤ ግሉኮስም ይንጠለጠልለታል። ልጅቷ ደግሞ ሦስት ወር ራሷን ስታ ከርማ ስትነቃ ሹሩባዋ አልተፈታም፣ ከንፈሯ አልደረቀም፤ የመጀመሪያ ቃሏም «ውሃ» ሳይሆን የፍቅረኛዋ ስም ነው።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ማታ ማታ በክበባችን ተሰብስበን ይህን ስናይ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። «ኧረ ጓንቱ የት ሄደ?» «እዩት እዩት፣ ማዳመጫውን ገልብጦ ነው ጆሮው ላይ የሰካው!» እንባባላለን። ከእለታት አንድ ቀን ግን ሳቁ ጎመዘዘብን። የምንጽፈው ስለዚያ ቀን ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ግማሹ ወቀሳ፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር፤ ብዙዎቻችንን ወደዚህ ሙያ የጠራን ራሱ ቴሌቪዥን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሣጥኑ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን ወደ አማርኛ መልሶ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቱርኩም የኮሪያውም ሐኪም በአማርኛ «አይዞሽ» ይል ጀመር። ዛሬ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ እስከ አጋሮ፣ ከየቡ እስከ ሊሙ ገነት የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ሳህን ተሸክሟል። በብዙ ቤት ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ መጀመሪያ ከሚገቡት ዕቃዎች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ከእኛስ መካከል ገና በልጅነቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ በኮሪደር ሲሮጥ ራሱን ያላየ ማን አለ?

ዋርድ ስንገባ ታዲያ መጀመሪያ የጠፋን ያ ሩጫ ነው። እዚያ ከሚሮጠው ይልቅ የሚጠብቀው ይበዛል። የላቦራቶሪ ውጤት ይጠበቃል፣ ደም ይጠበቃል፣ መድኃኒት ፍለጋ ከግቢ የወጣ ወንድም ይጠበቃል። ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሌላም ሰው አለ፤ አስታማሚ። ፔርሙስና ሳህን ይዞ የሚመላለሰው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው፣ በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ ሽንቱን የሚደፋው፣ አፋን ኦሮሞ ለማይችለው ተማሪ ሳይቀር የሚያስተረጉመው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ዋርዱ አንድ ሌሊት አያድርም። በፊልሙ ግን ዘመድ ማለት አበባ ይዞ መጥቶ አልቅሶ የሚሄድ ሰው ነው።

ደሙንም እንይ። ደም ሲያስፈልግ አፍቃሪው እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኗ ይተኛል፤ ቱቦው ከክንድ ወደ ክንድ ይዘረጋል፤ አበቃ። የእውነቱ ደም ግን ዓይነቱ ይለያል፤ ኤች.አይ.ቪ.፣ ሁለቱ የጉበት ቫይረሶች «ቢ»ና «ሲ»፣ ቂጥኝም ይመረመርበታል፤ ከተቀባዩ ደም ጋር መስማማቱ ይታያል። በከረጢት ሆኖ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ዕድሜው 35 ቀን ነው። እንግዲህ አንዲትን ሴት የሚያድናት ደም ባለፈው ሳምንት አንድ የማታውቀው ሰው መጥቶ የሰጠው ነው። ይህን ያላየ ዘመድ ግን «ክንዴ ይኸው፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ይቆጣናል። በምን እንፍረድበት?

ምጡም እንዲሁ ነው። ሦስት ጩኸት፣ ከዚያ የሦስት ወር ልጅ የሚያህል የታጠበ ሕፃን! የመጀመሪያ ምጥ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ፣ ልጁ ከወጣ በኋላም የእንግዴ ልጁና የደሙ ነገር ገና እንደሆነ የሚያሳየን የለም። ወላዶችን ከሚገድሉት ዋናው ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ ልክ እሱ ሊጀምር ሲል ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ይጨርሳል። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በጤና ጣቢያ ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት የተሠራው ምጥ ቀጠሮ ስለማያከብር፣ መንገዱም ሩቅ፣ ክረምቱም ጭቃ ስለሆነ ነው። ቀኗ የደረሰች ሴት እዚያ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መጠበቅ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ግን ለፊልም አይመችም።

ከሁሉ የሚገርመን የመርዶው ነገር ነው። ሐኪሙ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ «የምንችለውን ሁሉ አድርገናል፤ አዝናለሁ» ይልና በኮሪደሩ ይሄዳል። ይህ ከየት የመጣ ወግ ነው? በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ተረጂው ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖሩ ታይቶ ነው የሚነገረው። ሆስፒታል ውስጥ እስኪነጋ መጠበቅ ባይቻል እንኳ ሰው አስቀምጦ፣ ዘመድ አስጠርቶ መናገር ይቻላል። እኛ ግን ይህን ከአያቶቻችን መማር ስንችል የኮሪደሩን ዘዴ ከፊልም ተማርን።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ፤ የእኛ ጣጣ የተጀመረው እዚያ ነውና። የቆመን ልብ ደረት ላይ በእጅ እየተጫኑ መርዳት የተስፋፋው፣ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ካሳወቁ ወዲህ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲየም፣ ላንቶስና ተልስኪ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች ቁጭ ብለው የሦስት የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን 97 ክፍሎች አዩ፤ አንዱ ስመ ጥሩው «ኢ.አር.» ነበር። ልብ ቆሞ ደረት ሲጫን 60 ጊዜ ቆጠሩ። ከመቶ 75ቱ ወዲያው ነፍስ ዘሩ፤ ከመቶ 67ቱ ድነው ቤታቸው የሚገቡ መስለው ታዩ። በእውነቱ ዓለም ግን፣ በሀብታም አገር ሆስፒታል ውስጥ እንኳ፣ ልቡ ቆሞ ድኖ የሚወጣው ከአምስት ሰው አንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ፈቅ ያለ ነው። ከሆስፒታል ውጭ ከሆነማ በዚያው አገር ከአሥር አንድ ገደማ ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ነገሩ እንደ ደቦ ነው። ደቦ የወጣው ሰው ሁሉ በየፊናው እየጮኸ፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል ሥራው ቢበላሽ፣ አንድ ሽማግሌ «ዝም በሉ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሁሉም ይቆማል፤ ከዚያ ዘፈኑ ከአንድ አፍ ይነሳል። ልብም በስልት መምታቱን ትቶ በየጭራው ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪኩ ያ ጩኸት ነው። ማሳያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ግን ማሳው ላይ ሰው የለም ማለት ነው። ባዶ ማሳ ላይ ቢጮኹ ማን ይሰማል? ለዚህ የሚደረገው ደረት መጫንና አድሬናሊን ነው። ፊልም ሠሪዎች ግን የሚወዱት ያንኑ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጲ ይላል፣ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል፣ ሰውዬው ብድግ ይላል።

ቀኑ የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ለልምምድ በተመደብንበት፣ ስሟን በማንጠራት አንዲት የቡና ከተማ ሆስፒታል፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ደረታቸውን ይዘው በባጃጅ መጡ፤ ልጃቸው ደግፏቸው ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልባቸው ቆመ። ተረኛው ሐኪም አዘዘን፤ እየተፈራረቅን ደረታቸውን ተጫንን። የጎድን አጥንት ከእጃችን ሥር ቀጭ ሲል ሰማን። ይህ ድምፅ ፊልም ላይ የለም፤ ተዋናዩ ደህና ሰው ስለሆነ የምር አይጫኑትም። አድሬናሊኑ ተሰጠ፤ ተደገመ፤ መስመሩ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ «ይበቃል» አለ። ወዲያው ለሌላ በሽተኛ ተጠራ። እኛና ልጅየው ቀረን።

«ኤሌክትሪኩስ?» አለን። «ያ ደረት ላይ የሚደረገው፣ ሰው የሚነሳበት! ለምን አላመጣችሁትም? ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሲነሱ አይቻለሁ!»

ከእኛ አንዱ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ።

ማን እንደሆነ አንናገርም። የቀረነው ዝም ስላልን ሁላችንም ነን ያልነው። ማሽኑ ከክፍሉ ጥግ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ቻርጅ ተደርጎ፣ ደህና ሆኖ። የአባቱ ልብ ኤሌክትሪክ የማይመልሰው ዓይነት እንደነበረ ለማስረዳት አንደበትም ጊዜም ይጠይቃል፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ግን ሁለት ቃል ነው።

ሁለት ቃሉ ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሁለት ወር ቆይተን፣ ምደባችን ሊያልቅ ሲል፣ ዘወትር ቡና የምንጠጣባት እትዬ ስኒውን እያቀረበች፣ «ልጆቼ፣ እኔስ ለደም ግፊቴ ክትትል መሄዱን ተውኩት። ማሽኑ በተበላሸበት ቤት ተመላልሼ ምን ልሆን?» አለችን። ስኒው እጃችን ላይ ቀዘቀዘ። የደም ግፊት መለኪያው ከዚያ ማሽን ጋር ምን አገናኘው? ግን ለእሷ ሆስፒታሉ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር፤ ያበላሸነውም እኛ ነን።

በማግስቱ ወደ ሟች ቤት ሄድን። «አላህ ያጽናችሁ» ብለን ተቀመጥን። ቡና ቀረበ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቶ ተናገረ፤ ስለ መስመሩም፣ ስለ ደቦውም፣ ስለ ውሸቱም።

ልጅየው ብዙ ቆይቶ «እና ደህና ነበር?» አለ።

«ደህና ነበር፣ ጋሼ።»

«ቢደረግላቸውስ ይነሱ ነበር?»

«አይነሱም ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉ ያንን ቤት ስረግም ነበር» አለ። «በየገበያው፣ በየለቅሶው ተናግሬአለሁ። አሁን ማንን ማንን አግኝቼ ልመልሰው? ያኔውኑ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ገበሬ ነው፣ አይገባውም ብላችሁ ነው?»

መልስ አልነበረንም፤ ያሰብነው ልክ እንደሱ ነበርና።

ቀጥሎ ያደረገውን አልጠበቅንም። ተነስቶ ከጓዳ አንድ የጀንፈል ጆንያ ጎትቶ አምጥቶ መሬት ላይ አጋደመውና «እስኪ ምን እንዳደረጋችሁላቸው አሳዩኝ» አለ። ተንበርክከን አሳየነው፤ መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ የሰው ደረት ቢሆን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪጎደጉድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። «ልሞክር» አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ፤ ጀንፈሉ ከሥሩ ይንኮሻኮሻል።

«ይህን ሠላሳ ደቂቃ?»

«ሠላሳ ደቂቃ።»

ሌላ አልተናገረም። ሁለተኛው ቡና መጣ፤ ጠጣን። ከከተማዋ ከመውጣታችን በፊት እትዬ ወደ ክትትሏ ተመልሳ ነበር፤ ማሽኑ ደህና መሆኑን ቤቷ ድረስ ሄዶ የነገራት እሱ ነው።

ድራማ ትምህርት ቤት ይሁን አንልም። አሥራ ሁለት ሰዓት የምጥ ፊልም እኛም አናይም። ግን እናንተ ነገ ድራማ የምትጽፉ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ጓደኞቻችን፣ አንድ ሌሊት ኑና ዋርድ እደሩ። ካርቶን ላይ የሚተኛውን አስታማሚ እዩት፤ ከአፍቃሪው የሚበልጥ ታሪክ አለው። አንድ ሰው ሁሉም ተደርጎለት፣ ማንም ሳያጠፋ ሊሞት እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ አሳዩ። ይህን ያላየ ሕዝብ ሞት በመጣ ቁጥር ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እንደ እኛ ያለው ፈሪ ደግሞ ማሽን ይሰጠዋል።

አሁንም ማታ ማታ በክበባችን እናያለን፣ እንስቃለንም። ሐኪሙ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቅ ግን ከኋላችን ቆመው የሚያዩ የግቢው ዘበኛ ካሉ ዞር ብለን «አባባ፣ ይሄ እውነት አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ እንንገርዎት?» እንላለን። ነገሩ በሁለት ቃል አያልቅም። ፊልሙ ያመልጠናል፤ ያምልጠን።