ድምሩ ከየት መጣ?

ዛሬ ጥፋቴን ልናገር። አንድ ዓመት ሮስተር ስሠራ የአንዷን ተማሪዬን የሒሳብ ውጤት ከ58 ወደ 85 አስተካከልኩ። ድምሩንና ደረጃዋን ግን ኤክሴሉ ላይ በእጄ ጽፌው ስለነበር አብሮ አልተቀየረም። ካርዷን ይዛ እያለቀሰች መጣች።

ለካ ውጤት ይመዘገባል፤ ድምር፣ አማካይና ደረጃ ግን ከእሱ ይወለዳሉ። የአይቢኤሙ አለን አልብሬክት እ.ኤ.አ በ1979 ባስተዋወቀው የሶፍትዌር መለኪያ፣ በፈንክሽን ፖይንት፣ ይህ ልዩነት ዛሬ ዋጋ አለው፦ የተመዘገበውን እንዳለ አውጥቶ ማሳየት በመካከለኛ ደረጃ 4 ነጥብ ሲያገኝ፣ አስልቶ ማውጣት 5 ያገኛል።

ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆቼ፣ የሚሰላውን በእጅ አትሙሉ። አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ ዛሬም ይቅርታ።