ሰባት ባዶ ሳጥን

ከባሕር ዳር የመጣው ካርቶን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ረዳቱ አወረደልኝ፣ እኔም ቤት እስክደርስ መታገስ አቅቶኝ እዚያው ቆሜ ፕላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። 500 ስቲከር። ቀዩ ቀለም ደማቅ ነው። ሦስት ሌሊት የሳልኩት የበርበሬ ዛላ ጫፉ ድረስ ጥርት ብሏል። ከዛላው ሥር "የቡሬ በርበሬ" የሚል ጽሑፍ መኖር ነበረበት። ያለው ግን ሰባት ባዶ ሳጥን ነው። ሦስት ሳጥን፣ ክፍተት፣ አራት ሳጥን። አምስት መቶ ጊዜ።

ማተሚያ ቤቱ ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ "ዲዛይን መስሎን ነው እኮ" አለኝ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ከዚያ 6,000 ብር ቆጥረው የሰጡኝ የቡሬዋ ሴትዮ ትዝ አሉኝና ሳቁ እዚያው ደረቀ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ዳር የስንት ሻይ ቤት፣ የስንት ወፍጮ ቤትና ልብስ ሰፊ ስም በእሱ ብሩሽ እንደተጻፈ እሱም አይቆጥረውም። ከዚያ ባነር መጣ። ባነር በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ፎቶ ይገባበታል፣ ሲያረጅ ይጣላል። አባቴ ብሩሾቹን በጋዝ አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀመጣቸው። አልተናደደም፤ ቢያንስ ለእኛ አላሳየንም። እኔ ግን ሠፈር ውስጥ "የጸሐፊው ልጅ" ተብዬ ስላደግኩ፣ አንድ ቀን ከፊደል ጋር የሚያገናኝ ሥራ መሥራቴ እንደማይቀር አስብ ነበር።

የጀመርኩት በስልክ ነው። በካንቫ የልደት ካርድ፣ የምርቃት ፖስተር እሠራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱም ሄደ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን የከተማችንን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ራሱ እንደ ቀልድ ይቆጠር ነበር። ካንቫ ያለ ኔት ምንም ነው። ባገለገለ ላፕቶፔ ላይ ሰው የጫነልኝ ክራክ የተደረገ ኢሉስትሬተር ነበር፤ ሲከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፣ አብሮት የገባው ቫይረስ ደግሞ ፍላሼን ሁሉ በላው። መንገድ ሲከፈት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን በፍላሽ አንድ ፋይል ሰጠኝ። "ኢንክስኬፕ ይባላል" አለኝ። "ነፃ ነው። የተሰረቀ አይደለም፣ ነፃ ነው። ኔትም አይፈልግም።"

እውነትም ነፃ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሶዲፖዲ ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ፣ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የስዕል ፕሮግራም ነው። የሚሠራው ግን እንደ ፎቶሾፕ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ የተደናገርኩት እዚህ ላይ ነው።

ፎቶ ማለት ጤፍ አንጥፎ እያንዳንዷን ፍሬ ቀለም እንደመቀባት ነው። ከሩቅ ፊት ይመስላል፤ ቀርባችሁ ስታዩት ፍሬ ፍሬ ነው። ስታጎሉት ይሻክራል። ቬክተር ግን እንደ መሬት ልኬት ነው። ችካል ትተክላላችሁ፣ በችካሎቹ መካከል ገመድ ትወጥራላችሁ። ፋይሉ የሚያስታውሰው ችካሉ የት እንደቆመና ገመዱ ወዴት እንደታጠፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ዛላ በጥፍር ልክም ሆነ በግድግዳ ልክ ብታትሙት ጠርዙ ያው ነው። ችካሎቹን ፕሮግራሙ ኖድ ይላቸዋል። ከእያንዳንዱ ኖድ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ ይወጣል። እጀታውን እንደ ልጓም ስትስቡት መስመሩ ይታጠፋል።

የመታጠፉ ስሌት የመጣው ከመኪና ነው። ፒየር ቤዚየር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ የመኪና አካል ቅርጽ ለማውጣት ተጠቀመበት። የተፎካካሪው የሲትሮየን ባልደረባ ፖል ደ ካስቴልዦ ቀድሞት ደርሶበት ነበር፤ ኩባንያው ምስጢር አድርጎ ስለያዘው ግን መስመሩ በቤዚየር ስም ተጠራ። ይህን ያነበብኩ ቀን ለአባቴ ነገርኩት። "ስሙን ታፔላ ላይ ያልጻፈ ሰው እንዲህ ነው" አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። መስመር ለመሳል "ቢ"ን፣ ኖድ ለመንካት "ኤን"ን ተጫኑ ይላል። እኔ እጫናለሁ፣ ምንም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ኪቦርዴ አማርኛ ላይ ነበር። ሌላ ቀን መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ ሙሉውን ዛላ ይዞብኝ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኮንትሮል ኤስን የምጫነው ሰው ዓይኑን እንደሚያርገበግበው ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ዛላው ተሳካ፤ የቡሬዋ ነጋዴም በሰው በሰው ሰምተው አገኙኝ። እትየ እንበላቸው። በርበሬ አስፈጭተው በላስቲክ እያሸጉ ይሸጣሉ። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት፤ እሳቸው ግን የእሳቸው ዱቄት ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅ ፈለጉ። "አዲስ አበባ ያለችው ልጀ፣ ስም የሌለው ነገር ሱቅ አይገባም አለችኝ" አሉ። ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ። እኔም ፋይሉን በፍላሽ አድርጌ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ላክሁ።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ እንመለስ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። "የቡሬ በርበሬ" ብላችሁ ስትጽፉ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የፊደሉ ቅርጽ አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ቅርጹ ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ ፊደሉ ይታየኛል። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ፕሮግራሙም ቁጥሩን ይዞ ቅርጹን ሲያጣ ባዶ ሳጥን አስቀመጠ። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን መርጬ ኮንትሮል፣ ሺፍትና "ሲ"ን አንድ ላይ መጫን። ያን ጊዜ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀርና ስዕል ይሆናል፤ ችካልና ገመድ። የትም ሄዶ አይጠፋም። ጽሑፉን ግን ከእንግዲህ ማረም ስለማይቻል ዋናውን ፋይል ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ሦስት ቁልፍ። 6,000 ብር።

በማግስቱ ቡሬ ሄድኩ። መንገዱ በማንኩሳ ያልፋል፤ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ አገር። ሌላ ጊዜ ባለፍኩ ቁጥር መስኮት ላይ እለጠፋለሁ። ያን ቀን ግን ካርቶኑን እቅፍ አድርጌ ጉልበቴን ነበር የማየው።

እትየ ስቲከሩን አንስተው አዩት። ገለበጡት። መልሰው አዩት።

"ይሄ ምን ይላል?"

"ምንም አይልም እትየ። ተበላሽቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ዝም አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። "ከብሩ ገሚሱ የዕቁብ ነው ልጀ" አሉኝ በመጨረሻ። "ለጥር ገበያ ነበር ያሰብኩት።" ከዚያ ቡና አፈሉልኝ። ያ ቡና ይኸው እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ብሩን ከየት እንደምንከፍል የሚያወራ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን "በምንድነው የሚያሽጉት?" አለኝ። በላስቲክ፣ ላስቲኩም በማዳበሪያ ተደርጎ ይጫናል አልኩት። ተነስቶ አልጋ ሥር ገባና የቆየ የራጅ ፊልም ይዞ ወጣ። የእናቴ ደረት ነው።

ድሮ የእህል ጆንያ ላይ ስም የሚያትመው በዚህ ነበር። ራጁን በምላጭ በፊደሉ ቅርጽ ይቆርጠዋል፣ ጆንያው ላይ አስደግፎ ቀለም በስፖንጅ መታ መታ ያደርጋል። ስቴንስል ማለት ነው። "ሬ"ን ሲቆርጥ አየሁት። "ሬ" እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ቀለበቱን ዙሪያውን ብትቆርጡት መሃሉ ወድቆ ይቀራል፣ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አባቴ አንድ ቀጭን ቦታ ሳይቆርጥ ይተዋል። "ድልድይ" ይለዋል። መሃሉ በድልድዩ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

"ለምንድነው ምላጩን ቶሎ ቶሎ የማታቆመው?" አልኩት።

"ባቆምኩበት ቦታ ሁሉ ጠባሳ ይወጣል። ማጠፊያው ላይ ብቻ ነው የሚቆመው።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኖድ ማለት ምላጭ የሚቆምበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር አማረኝ። የአባቴን ፊደል ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት። አንድ ያረጀ ታፔላውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ትሬስ ቢትማፕ በሚለው ትዕዛዝ ወደ ቬክተር ቀየርኩት። በአንድ ሰከንድ አለቀ። ኩራት ኩራት እያለኝ ላፕቶፑን ይዤለት ሄድኩ። አጎላሁለት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው።

"ይሄ ፊደል ወባ ይዞታል እንዴ? ምን ያንቀጠቅጠዋል?"

ልክ ነበር። ፕሮግራሙ የተላጠውን ቀለም፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የዝንብ ነጥቡን ሁሉ የፊደሉ አካል መስሎት ቀድቶታል። አንዷ "ሬ" ብቻ 412 ኖድ ነበራት። ኮንትሮል "ኤል" ብዬ ላቃልለው ሞከርኩ፤ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ፊደሉ ግን የማንም አይመስልም። ስለዚህ ፎቶውን ከሥር አደረግኩና "ቢ"ን ተጭኜ በእጄ ከላይ ሳልኩት። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ "እዚህ አትቁሚ፣ እለፊ። እዚህ ቁሚ" ይለኛል። ማታ መብራት እስኪጠፋ። ስንጨርስ "ሬ" 18 ኖድ ነበራት። እሱ ራጁ ላይ ሲቆርጥ ምላጩን ያቆመው 15 ቦታ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሦስቱ የእኔ ፍርሃት ናቸው።

ድልድዩንም ሠራነው። ፊደሏ ላይ ቀጭን አራት ማዕዘን ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለቱንም መርጣችሁ ፓዝ ከሚለው ምናሌ ዲፈረንስ ትላላችሁ፤ ላይ ያለው ታች ያለውን ይቆርጠዋል። አባቴ ይህን ሲያይ ሳቀ። "ምላጩ እዚህ ነው ያለው?" አለኝ።

ሰባቱን ፊደላት በወረቀት አትመን ራጅ ላይ ለጥፈን ቆረጥን። ዛላው ከእነ ሳጥኑ በተበላሸው ስቲከር ላይ ደህና ስለነበር፣ ሳጥኖቹን በመቀስ ቆርጬ ዛላዎቹን ብቻ አስቀረሁ። አምስት መቶውንም። እጄ ውኃ ቋጠረ። ቡሬ ሄደን ላስቲኩ ላይ ዛላውን ለጠፍን፣ ከሥሩ አባቴ በስቴንስል ስሙን መታ። እትየ የመጀመሪያውን ከፍ አድርገው አዩና "አሁን ይናገራል" አሉ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። የጥሩ ገበያ በከፊል አልፎን ነበር። ብሩንም በሦስት ወር ነው በሥራ የመለስኩት፤ የማዳበሪያ ስቴንስል፣ የሁለት ዘመዶቻቸው ስቲከር፣ የዕድራቸው ማኅተም። አባቴ ደግሞ ብሩሾቹን አላወጣም። ራጅ የሚጥል ሰው ካለ ግን እንዲያስቀምጥለት ለሠፈሩ ሁሉ ተናግሯል።

አንድ ማታ "ይሄን ነገር የሠሩት ሰዎች ማን ይከፍላቸዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። አብዛኞቹን ማንም አልኩት። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ ሌላው ስህተት ያርማል፣ ሌላው ያስተምራል። እንደ ደቦ።

አሰበበት። "ደቦ ከሆነ ጠላውን ማን ይጠምቃል?"

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን ፕሮግራሙን የቡሬዋ እትየ የእህት ልጅ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላት። ላፕቶፕ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ትዋሳለች። ሁለት ነገር ነገርኳት፤ ኪቦርድሽን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሺ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክሽ በፊት ጽሑፉን ወደ ስዕል ቀይሪ። የቀረውን ራሷ ትደርስበታለች።

አባቴ "ሬ"ዋን አሁንም አልወደዳትም። ቀለበቷ ትንሽ ወደ ግራ መሄድ አለባት ይላል። ፋይሉ ክፍት ነው፤ መብራት ሲመጣ እናየዋለን።